የማዕዱ ድንኳንና የእሳቱ ቦታ
ለሰበካ ጉባኤያትና ለበዓል አስተባባሪ ኮሚቴዎች የቀረበ የጥናት ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ እትም የምናቀርበው ትምህርት ሲታይ ትንሽ የሚመስል ጉዳይን ይመለከታል። ይኸውም ከቤት ውጭ ምግብ ለሚበስልባቸው ዕለታት ተንቀሳቃሽ ድንኳን እንዴት እንደሚመረጥ ነው። ይሁን እንጂ ከሸራው በታች እሳት አለ፤ በእሳቱ ዙሪያም ሌሊቱን ሙሉ ቆመው የሚያገለግሉ እናቶቻችንና እኅቶቻችን አሉ። ድንኳኑ የሚገዛበት ገንዘብም ከምእመናን አሥራትና ከሙዳየ ምጽዋት የተሰበሰበ ነው። ስለዚህ ምርጫውን ለገበያ ሰው ብቻ ትተን የምንሄደው አይደለም።

ጥያቄው ዛሬ ለምን ተነሣ?

ጎተራ ስሙን ያገኘው ከእህል ማከማቻ ነው። ዛሬ ግን ሰፈሩ ይበልጥ የሚታወቀው በማሳለጫ መንገዱና በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎቹ ነው። በጋራ መኖሪያ ቤት ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ የዝክርና የተዝካር ድስት አይጣድም። ስለዚህ ሥራው ወደ ግቢው ይወጣል፣ ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ይመጣል። በንግሥ ቀንም ለነዳያን የሚቀርበው ማዕድ የሚበስለው አብዛኛውን ጊዜ ከደጅ ነው።

ቀድሞ ለእንዲህ ያለ ቀን ድንኳኑ፣ ወንበሩና ጎላው ከሰፈሩ ዕድር ይመጣ ነበር። በካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. የተካሄደው መልሶ ማልማት ግን ብዙ ነዋሪዎችን ወደ ሌሎች አካባቢዎች አዛውሯል። ጎረቤት ሲበተን ዕድርም አብሮ ይበተናል። ከዕድር ይዋስ የነበረ አጥቢያም የራሱን ድንኳን ለመግዛት ይነሣል። በዚህ ጊዜ ኮሚቴው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ዋጋና ስለ ቀለም ነው። እኛ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው «እሳቱ የት ይሆናል?» የሚለው ነው እንላለን።

የአበው ሥርዓት ምን ያስተምረናል?

በግእዝ «ደብተራ» ማለት ድንኳን ማለት ነው። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 26 እንደተጻፈው የደብተራ ኦሪት መጋረጃዎች ከጥሩ በፍታና ከፍየል ጠጉር የተሠሩ ነበሩ። መቅረዙና የዕጣኑ መሠዊያ በውስጥ ቢኖሩም፣ ታላቁ እሳት የሚነድበት፣ በናስ የተለበጠው የሚቃጠል መሥዋዕት መሠዊያ ግን በምዕራፍ 40 እንደምናነበው ከድንኳኑ ደጃፍ ፊት፣ በአደባባዩ ላይ ነበር። የዚህን ምሥጢራዊ ትርጓሜ ለመምህራን ትተን ሥርዓቱን ብቻ እንመልከት። ጨርቁ በአንድ ወገን፣ ታላቁ እሳት በሌላ ወገን ነበር።

በሀገራችንም ነገሥታቱ በድንኳን ከተማ በሚዘዋወሩበት ዘመን ይኸው ልማድ ነበረ። በ1520 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር ሲገልጽ፣ የወጥ ቤቱ ድንኳኖች ከንጉሡ ድንኳኖች ተለይተው ይተከሉ እንደነበር ጽፏል።

ማዕድን በሥርዓት መምራትም መንፈሳዊ አገልግሎት ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ሐዋርያት ለማዕድ አገልግሎት 7 ዲያቆናትን ሾመዋል። ከእነርሱ አንዱ በመስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው ቤተ ክርስቲያን በስሙ የሚጠራው ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው።

እሳትና ሸራ

በገበያ ላይ በአብዛኛው ሦስት ዓይነት ድንኳን ይገኛል። የመጀመሪያው በምሰሶ፣ በካስማና በአውታር የሚቆመው የጥጥ ሸራ ድንኳን ነው። ሁለተኛው የብረት ቋሚና ማገር ያለው፣ በፕላስቲክ ሸራ የሚሸፈነው ነው። ሦስተኛው እንደ አኮርዲዮን ተዘርግቶ የሚታጠፈው፣ ከፖሊስተር ጨርቅ የተሠራው ነው። ታጣፊው ቀላልና ፈጣን ስለሆነ ኮሚቴዎች ይመርጡታል። ነገር ግን ፖሊስተር በ250 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የሚቀልጥ ነገር ነው፤ የማገዶ ነበልባል ደግሞ ከዚህ እጅግ የበለጠ ይሞቃል። ሲቀልጥም እየነደደ ከታች ባለው ሰው ላይ ይንጠባጠባል። የጥጥ ሸራ አይቀልጥም፤ ግን ይነዳል።

ሻጩ «ውኃ አያስገባም» ሲል «እሳት አይዘውም» እንዳለ አድርገን መስማት የለብንም። በአሜሪካ በሃርትፎርድ ከተማ በ1944 እ.ኤ.አ. በአንድ የሰርከስ ድንኳን ላይ የተነሣው እሳት ቢያንስ የ167 ሰዎችን ሕይወት አጥፍቷል። ያ ሸራ ውኃ እንዳያስገባ በፓራፊንና በቤንዚን ድብልቅ የተቀባ ነበር። ከዝናብ እንዲከላከል የተቀባው ነገር እሳቱን አፋጠነው። «እሳት ይቋቋማል» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሸራም ቢሆን እሳቱን ለማዘግየት ይረዳል እንጂ ከቶ አይቃጠልም ማለት አይደለም።

ስለዚህ ምክራችን አጭር ነው፤ የማገዶ እሳት ከማንኛውም ጨርቅ በታች አይንደድ። ለእሳቱ በብረት ቋሚ ላይ በብሎን የሚታሰር፣ ጎኑ ክፍት የሆነ የቆርቆሮ ጥላ ይሠራ። እርሱም ተፈትቶ የሚቀመጥ ሊሆን ይችላል። የጨርቁ ድንኳን ሽንኩርት ለሚከተፍበት፣ እንጀራ ለሚቀመጥበትና ወጥ ለሚቀዳበት ይሁን። ሕዝቡ የሚመገብበት ድንኳን ደግሞ ለብቻው ይተከል። እሳቱ፣ ሥራውና ማዕዱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ስፍራ ይኑራቸው፤ በመካከላቸውም ቢያንስ 5 ሜትር ይተው።

ስፋቱን በሜትር እንቁጠረው

አንዳንድ አጥቢያ ከሰልን ወይም ቡታ ጋዝን ከጨርቅ በታች ከመጠቀም ሌላ አማራጭ ላይኖረው ይችላል። በዚህ ጊዜ ምድጃው ከየአቅጣጫው ከሸራው ጠርዝና ከምሰሶው ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ እንበል። በ3 በ3 ሜትር ድንኳን ከየጎኑ 1 ሜትር ሲቀነስ የሚቀረው 1 በ1 ሜትር ነው፤ ይህም የአንድ ምድጃ ቦታ ብቻ ነው። 3 በ6 ሜትር ሲሆን 1 በ4 ሜትር ይቀራል፤ ሁለት ወይም ሦስት ምድጃ በአንድ ረድፍ ይይዛል። ለአምስት ጎላ አንድ ታጣፊ ድንኳን ይበቃል ብሎ የሚገዛ ኮሚቴ ሴቶቹን ከእሳትና ከጨርቅ መካከል እንዳስገባቸው ይወቅ። ከፍታውም ይለካ። የታጣፊ ድንኳን ጠርዝ ብዙውን ጊዜ 2 ሜትር ያህል ነው፤ ትልቅ ድስት በምድጃ ላይ ተጥዶ ክዳኑ ሲነሣ የሚወጣው እንፋሎትና ነበልባል ወደዚያ ይቀርባል።

ጢሱና የማይታየው መርዝ

ዝናብ ሲመጣ የድንኳኑን ጎን በሸራ መዝጋት የተለመደ ነው። ከሰል ግን ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ፣ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ራስ ምታትና ማዞር ይጀምራል፤ ከዚያ ሰው ሳያውቀው ይደክማል። በማኅሌት ሌሊት ድስት የሚጠብቁ ሰዎች ከብርዱ የተነሣ በተዘጋ ድንኳን ውስጥ ከከሰል አጠገብ ቢተኙ ላይነቁ ይችላሉ። ስለዚህ እሳት ባለበት ቢያንስ ሁለት ጎን ሁልጊዜ ክፍት ይሁን፤ እሳት ባለበትም ማንም አይተኛ። ቡታ ጋዝ ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈተልክ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ሲሊንደሩ ከጥላው ውጭ ቀጥ ብሎ ይቁም።

ዝናብና ነፋስ፦ ሐምሌ 19 እና ጥር 15

የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ስሙን የያዘው ቅዱስ ቂርቆስ በዓመት ውስጥ ለድንኳን ሁለት ፈተና የሚሆኑ በዓላት አሉት። ሐምሌ 19 ክረምቱ የሚበረታበት ጊዜ ሲሆን ጥር 15 ደግሞ በበጋው ደረቅና ነፋሻማ ወራት ይውላል። አንድ ድንኳን ሁለቱንም መቻል አለበት።

በሐምሌ ጣራው ላልቶ ውኃ ከቋጠረ፣ በ1 ካሬ ሜትር ላይ የ1 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ውኃ 10 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በ9 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ ይህን ያህል ቢጠራቀም 90 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ቀጭን ማጠፊያ ይህን አይሸከምም። ስለዚህ ጣራው ሾጣጣና በሚገባ የተወጠረ ይሁን።

በጥር ደግሞ ነፋሱን እናስብ። አዲስ አበባ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው። ያም ሆኖ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ወደ 6 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ግፊት ያሳርፋል። ባለ 9 ካሬ ሜትሩን ጣራ ከታች ቢይዘው 54 ኪሎ ግራም ያህል ኃይል ያነሣዋል ማለት ነው፤ የነፋሱ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የታጣፊ ድንኳን የራሱ ክብደት ግን ብዙውን ጊዜ ከ30 ኪሎ ግራም አይበልጥም። በተነጠፈ ቅጽር ላይ ካስማ አይተከልም፤ መቃብር ባለበትም መሬት መውጋት አይገባም። ስለዚህ በእያንዳንዱ እግር ላይ 25 ሊትር ውኃ የሞላ ጀሪካን ይታሰር፤ አራቱ ተደምረው 100 ኪሎ ግራም ይሆናሉ። ገመዱ ከእግሩ ብቻ ሳይሆን ከላይኛው ማዕዘን ጋር ይያያዝ። ነፋሱ ሲበረታ እሳቱ አስቀድሞ ይጥፋ፤ ከዚያ ሸራው ይውረድ። ተነሥቶ የሚሄድን ድንኳን በእጅ ለመያዝ ማንም አይሞክር።

በግዢ ጊዜ የሚደረግ ምርመራ

1. ኮሚቴው ከመግዛቱ በፊት የሚያበስሉትን እናቶች ጠርቶ ይጠይቅ። ስንት ድስት እንደሚጣድ፣ ጢሱ ወዴት እንደሚሄድ፣ ውኃው ከየት እንደሚቀዳ ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

2. ከሻጩ የሸራውን ቁራጭ ይቀበል። ቁራጩን ከቤት ውጭ፣ በጉጠት ይዞ፣ ከሥሩ አሸዋ ባለበት ባልዲ ላይ በክብሪት ይለኩሰው። ክብሪቱ ሲነሣ ወዲያው የሚጠፋው ይሻላል፤ እየነደደ የሚንጠባጠበው አይገዛ።

3. ድንኳኑ በሻጩ ቦታ ተዘርግቶ ይታይ። መጋጠሚያዎቹ ፕላስቲክ ናቸው ወይስ ብረት? አንድ እግር ቢሰበር መለዋወጫ ይገኛል? ስፌቱ ላይ ውኃ ሲፈስ ያንጠባጥባል?

4. ቢያንስ 3 የዋጋ ማቅረቢያ ይሰብሰብ። ሲነጻጸርም የድንኳኑ ዋጋ ብቻ ሳይሆን የክብደቱ፣ የቆርቆሮው ጥላና የእሳት ማጥፊያው ወጪ አብሮ ይደመር። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ የድንኳኑ ስፋት ይቀነስ እንጂ የእሳት ማጥፊያው አይቅር።

5. ንብረቱ በመዝገብ ይግባ፤ ኃላፊም ይሰየምለት። እርጥብ ሸራ ታጥፎ ከተቀመጠ ይሻግታል፤ በፀሐይ ደርቆ፣ አይጥ ከማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

በዕለቱ

ድንኳኑ ከኤሌክትሪክ መስመር በታችና ከደረቅ ዛፍ ሥር አይተከል። የድስት መሸከሚያው መንገድ ሕፃናት ከሚመላለሱበት ይለይ። አሸዋ፣ ውኃና የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር ከምድጃው ጥቂት እርምጃ ራቅ ብለው ይቀመጡ። በነደደ ዘይት ላይ ውኃ አይደፋም፤ ድስቱ ይከደናል። አንድ ሰው ሌላ ሥራ ሳይሰጠው እሳቱን ብቻ እንዲጠብቅ ይመደብ። በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ የጥሪ ቁጥር 939 መሆኑንም ሁሉም ይወቀው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን ባለፈው ንግሥ እሳቱ ከየትኛው ሸራ ምን ያህል ይርቅ ነበር? ለክተን እናውቃለን?

2. ነፋስ ቢነሣ «ሸራው ይውረድ» ብሎ የማዘዝ ሥልጣን ያለው ማን ነው?

3. ስለ ድንኳኑ በተወሰነበት ስብሰባ ላይ ከሚያበስሉት እናቶች ስንት ተገኝተዋል?

ለነዳያን የሚቀርብ ማዕድ በረከት ነው። በረከቱ ሙሉ የሚሆነው ያበሰለችው እናትም በጤና ወደ ቤቷ ስትመለስ ነው። ኮሚቴዎቻችን ከሚቀጥለው በዓል በፊት በአንድ ስብሰባ ሜትር ይዘው ቅጽሩን ይለኩ፤ የእሳቱን ቦታ በኖራ ያስምሩ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ድንኳኑ ግዢ ይነጋገሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።