የቆየ ሞተር ሳይክል ካርቡሬተር ጽዳትና ማስተካከል በሐዋሳ ከፍታ

እንደ ያማሃ ኤጂ 100 ያሉ ባለ ሁለት ምት ሞተር ሳይክሎች የግብርናና የጤና ባለሙያዎችን በገጠር መንገድ ለረጅም ዓመታት አመላልሰዋል። ሞተሩ ጭስ ሲያበዛ፣ ቤንዚን ሲፈጅ ወይም በሚኒሞ መቆም ሲያቅተው በቅድሚያ የሚጠረጠረው ካርቡሬተሩ ነው። ጥርጣሬው ብዙ ጊዜ ትክክል ነው፤ የሚወሰደው እርምጃ ግን ጉድለቱን ሊያባብሰው ይችላል።

ካርቡሬተር አየርን የሚለካው በይዘት እንጂ በክብደት አይደለም። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለሉ በ15 በመቶ ያህል ያንሳል። የሚሳበው ነዳጅ ግን የሚቀንሰው በእፍጋቱ ስኩዌር ሩት ልክ ብቻ ነው። ስለዚህ ለባሕር ወለል የተዘጋጀ ካርቡሬተር እዚህ ወደ 9 በመቶ የሚጠጋ ትርፍ ነዳጅ ያቀብላል። ከ2,700 ሜትር በላይ በሆነችው ሀገረ ሰላም ደግሞ ትርፉ ወደ 15 በመቶ ይደርሳል።

የከፍታው ተጽዕኖ ይህን ያህል ከሆነ የሽቦው ምን ያህል ነው? ለረጅም ጊዜ በቆመ ሞተር ውስጥ ቤንዚኑ ተንኖ የሚተወው ሙጫ መሰል ዝቃጭ በቅድሚያ የሚደፍነው የሚኒሞውን ቀጭን የነዳጅ ቀዳዳ ነው። እሱን በሽቦ መጎርጎር የተለመደ አሠራር ነው። ቀዳዳው የሚሠራው ለስላሳ ከሆነው ነሐስ በመሆኑ በብረት ሽቦ በቀላሉ ይፋቃል። 0.40 ሚሊሜትር የነበረ ቀዳዳ 0.44 ቢሆን ለውጡ በዓይን አይታይም፤ ስፋቱ ግን በ21 በመቶ ጨምሯል። ይህም የሐዋሳ ከፍታ ከሚያመጣው ትርፍ ከእጥፍ በላይ ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ በከተማ ዝግታ የሚነዳ ሞተር ካንዴላውን በጥላሸት ቢሸፍን አያስገርምም። ቀዳዳውን ለጥቂት ሰዓታት በካርቡሬተር ማጽጃ ዘፍዝፎ በኮምፕሬሰር አየር መንፋት ይበቃል። ተንሳፋፊውና የጎማ ክፍሎቹ ግን አስቀድመው መውጣት አለባቸው።

በማስተካከሉ ጊዜ የሚፈጠረው ስሕተት ከአንዲት ብሎን ይጀምራል። የሚኒሞ ድብልቅ ማስተካከያዋ በአየር ፊልትሮው በኩል ከሆነች የምትቆጣጠረው አየርን ነው፤ ስትፈታ ድብልቁ ይሳሳል። በሞተሩ በኩል ከሆነች ነዳጅን ስለምትቆጣጠር ስትፈታ ድብልቁ ይወፍራል። ይህን ሳይለዩ በካቻቢቴ ማዞር በግምት ከመሥራት አይለይም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ብሎኗ ሳትጨነቅ እስከ መጨረሻው ጠብቃ፣ አንድ ዙር ተኩል ያህል ተፈትታ፣ ከዚያ ሞተሩ በፍጥነትና በእኩል ወደሚዞርበት ነጥብ ቀስ እያለች ትመለሳለች። በአየር ብሎን ይህ ነጥብ ከሦስት ዙር በላይ ሲፈታ ብቻ የሚገኝ ከሆነ ቀዳዳው መስፋቱን ያመለክታል፤ መድኃኒቱም አዲስ ቀዳዳ መግጠም ነው።

በሀገረ ሰላም የተስተካከለ ሞተር ወደ ሐዋሳ ሲወርድ ችግሩ ይገለበጣል። ድብልቁ ከ5 እስከ 6 በመቶ ይሳሳል፤ ጭስ ስለማይታይ አሽከርካሪው ሞተሩ የተሻለው ይመስለዋል። የሳሳ ድብልቅ ግን የበለጠ ይሞቃል፤ በባለ ሁለት ምት ሞተርም ሙቀቱ ፒስተኑን እስከ ማጣበቅ ሊደርስ ይችላል። በሁለቱ ከፍታዎች መካከል የሚመላለስ ሞተር ለዝቅተኛው ስፍራ ተስተካክሎ ዳገት ላይ ትንሽ ቢያጨስ ይሻላል። ከቁልቁለቱ በኋላ ካንዴላው ተፈትቶ ሲታይ ጫፉ ቡናማ ከሆነ ልኩ ደህና ነው፤ ነጭ ከሆነ መርፌው አንድ እርከን ከፍ ማለት አለበት።