አምቡላንስ ስትጠሩ ስልኩን ቶሎ አትዝጉት



ኢንቦክስ ላይ ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ ሰው ወድቆብን አምቡላንስ ስንጠራ ለምን ያን ሁሉ ይጠይቁናል? ዝም ብለው አይመጡም?» ንዴቱ ይገባኛል። ግን ጥያቄው ራሱ የሕክምናው መጀመሪያ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ 907 ስትደውሉ የምታገኙት የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርን ነው፤ 939 ደግሞ የከተማዋ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ነው። ስልኩን የሚያነሳው ሰው ሹፌሩ አይደለም። ሥራው የትኛው መኪና ቅርብ እንደሆነ አይቶ ማሰማራትና፣ ብዙ ሰው ሲደውል ማን ይቅደም የሚለውን መወሰን ነው። አምቡላንስ ለሁሉም እኩል አይበቃም፣ ይሄን ሁላችንም እናውቃለን። እግሩ የተሰበረ ልጅና እየደማች ያለች ወላድ አንድ ሰዓት ላይ ቢደወልላቸው እሷ መቅደም አለባት። ኦፕሬተሩ ግን ይህን የሚያውቀው ከእናንተ አፍ ብቻ ነው። «በጣም ታማለች፣ ቶሎ ኑ» ብላችሁ ከዘጋችሁ በምን ይለያቸው?

መጀመሪያ ቦታውን ተናገሩ፤ መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ መኪናው መነሳት ይችላል። ከተማችን ውስጥ በቤት ቁጥር አንግባባም፣ በምልክት ነው። «ሚካኤል ጋ ነን» ስትሉ የካ ሚካኤል ነው ሲኤምሲ ሚካኤል? «ጀሞ ኮንዶሚኒየም» ስትሉ አንድ ነው፣ ሁለት ነው፣ ሦስት? ክፍለ ከተማ፣ ሰፈር፣ ሁሉም የሚያውቀው ምልክት፣ ከዚያ ብሎክና ፎቅ። ሊፍት ከሌለም ንገሯቸው፤ ታካሚን በቃሬዛ ከአራተኛ ፎቅ ማውረድ ቀላል አይደለም። አንድ ሰው አስፋልት ድረስ ወጥቶ ይጠብቅ፣ ማታ ከሆነ የሞባይሉን ባትሪ ያብራ። የደወላችሁበትን ስልክ ደግሞ አትያዙት። ለዘመድ አዝማድ የሚነገረው በሌላ ስልክ ይሁን፣ ሹፌሩ መንገድ ሲጠፋው የሚደውለው እዚያው ላይ ነው።

«ይነቃል? ይተነፍሳል?» ሲሏችሁ አትገምቱ፣ ሄዳችሁ እዩ። ትከሻውን ነቅንቁ፣ ስሙን ጥሩት፣ ደረቱን ተመልከቱ። አልፎ አልፎ እንደ ማንኮራፋት የሚወጣ ትንፋሽ እንደ መተንፈስ አይቆጠርም፤ ልቡ ቆሞ ሊሆን ይችላል። አንጎል ኦክስጅን ካጣ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። በእኛ ትራፊክ በዚያ ፍጥነት የሚደርሰው የእናንተ እጅ ብቻ ነው። ስልኩን ላውድ ላይ አድርጉና ሁለት እጃችሁን ደርባችሁ ደረቱን መሃል ላይ ተጫኑ፦ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ለአዋቂ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች። ሲያትል አካባቢ ስልክ ተቀባዮች ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ ይህን በስልክ እየመሩ ደዋዩን ያሠሩታል። እዚህ ግን ጠያቂው እናንተ ሁኑ፦ «እስክትደርሱ ምን ላድርግ?»

(በነገራችን ላይ አሜሪካ ያላችሁ፣ 911 ደውላችሁ እንግሊዝኛው ካስቸገረ «አምሃሪክ» በሉ፤ አስተርጓሚ በስልክ ያስገባሉ። እዚያ ላሉ እናት አባቶቻችሁም ንገሯቸው።)

እስኪመጡ ድረስ ራሱን ለሳተ ሰው ውሃም ሆነ ስኳር በአፉ አትስጡ። የሚጥል በሽታ ከሆነ ክብሪት አታሽትቱት፣ ማንኪያም አፉ ውስጥ አትክተቱ፤ እባካችሁ ይሄ ነገር ይብቃ! በጎኑ አስተኙት።

«ራይድ ይዘን ብንሄድስ?» ከፎቅ የወደቀ ወይም መኪና የገጨው ሰው ከሆነ፣ ያለበት ቦታ ራሱ አደገኛ ካልሆነ በቀር፣ አንገቱን ሳትነቀንቁ ጠብቁ። ነቅቶ ደረቱን የሚያመው ሰው ወይም ምጥ የያዛት እናት ከሆነች ግን አምቡላንሱ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ጠይቁ፤ ሩቅ ከሆነ ባገኛችሁት መኪና ሂዱ። ብቻ መልሳችሁ ደውሉና «ሄደናል» በሏቸው። ያ መኪና ባዶ ቤት ሲፈልግ ሌላ ሰው እየጠበቀው ነው።