ዋንዛ፤ ወፍ ዘርቶ ገበሬ ያሳደገው ዛፍ

መስከረም ሊያልቅ፣ ጥቅምት ሊገባ ሲል ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው፣ በጤፍ ማሳ መካከል ነጭ ነጠላ የተከናነቡ የሚመስሉ ዛፎች ተራርቀው ቆመው ያያል። እነዚህ ዋንዛዎች ናቸው። እኛ የዚያ አገር ልጆች ፍሬውን ለቅመን በልተናል፤ በጥላው ሥር ከብት ጠብቀናል። ነገር ግን ስለ ዛፉ አስረዱ ብንባል «ዋንዛማ ዋንዛ ነው» ከማለት የሚያልፍ መልስ አልነበረንም። የአርትስ ተማሪዎች ሆነን ስለ ዕፀዋት መጻፋችን የሚያስገርማችሁ ጓደኞቻችን ትኖሩ ይሆናል። ምክንያታችንን ወደ መጨረሻው እንገልጻለን።

ዋንዛ በሳይንስ ስሙ ኮርዲያ አፍሪካና ይባላል። ይህን ስም በ1792 እ.ኤ.አ. ያወጣለት ፈረንሳዊው ሊቅ ላማርክ ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ዛፉን በአማርኛ ስሙ ጠርቶ በሥዕል አሳይቶታል። የጎንደር ሰው በየቤቱ ዙሪያ ዋንዛ ይተክል እንደ ነበረና፣ ዝናሙ ሲያባራ አበባው ከተማውን በሙሉ ነጭ እንደሚያለብሰው ጽፏል። እንግዲህ ዋንዛን መትከል ለአገራችን ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም ማለት ነው።

ዛፉ ቅጠለ ሰፊ ሲሆን፣ ግንዱ ብዙ ጊዜ ጠመም ይላል፤ አናቱም እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል። ቅጠሉን በበጋ ያራግፋል። አበባው ነጭ የጥሩንባ ቅርጽ ያለው ሲሆን ንብ በብዛት ትቀስመዋለች። ፍሬው ሲበስል ቢጫ ሆኖ ይጣፍጣል፤ ሥጋው እንደ ሙጫ ይጣበቃል፤ በመካከሉም ዘሩን የያዘ ጠንካራ ፍሬ ነገር አለ። በአገራችን ከባሕር ወለል በላይ ከ550 እስከ 2600 ሜትር ድረስ ይበቅላል። ብቸናም ሆነች ሞጣ ከ2400 ሜትር በላይ ስለሆኑ፣ ዋንዛ በእኛ ዘንድ የሚገኘው ወደ ከፍታው ወሰን ተጠግቶ ነው። ውሃ የሚቋጥር ዋልካ መሬት አይስማማውም። ወደ ዐባይ ሸለቆ ዝቅ ሲባል ሙቀቱ ይበልጥ ይመቸዋል።

እንጨቱ እንደ ወይራ ከባድ አይደለም፤ ለመጋዝም ለመላጊያም ይገራል። ውስጡ ወደ ቀይ ቡናማ ያደላል፤ ምስጥንም ደህና አድርጎ ይቋቋማል። በሩ፣ ሣጥኑ፣ ወንበሩ፣ ሙቀጫው፣ የቤተ ክርስቲያኑም ከበሮ ከእርሱ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በማሳው መካከል ያለውን ዋንዛ ማን ተከለው? አብዛኛውን የተከለው የለም። ወፍና ዝንጀሮ ፍሬውን በልተው ዘሩን ይጥላሉ፤ በክረምት ይበቅላል። እኛም «ወፍ ዘራሽ» እንለዋለን። ይሁን እንጂ ወፍ የዘራው ሁሉ ዛፍ አይሆንም። ገበሬው በሬ ጠምዶ ሲያርስ ከቡቃያው ሲደርስ ማረሻውን አንሥቶ ያልፈዋል፤ ዙሪያውን በእሾህ ያጥርለታል፤ ሲያድግም ጥላው ጤፉን እንዳይጎዳ ቅርንጫፉን ይመለምለዋል። የረገፈው ቅጠል መልሶ መሬቱን ያለማለታል። የዋንዛ እርሻ ማለት እንግዲህ ከመትከል ይልቅ መተው ነው፤ ማረሻውን ለአንድ እርምጃ ማንሣት ነው።

ይህ ልማድ ግን እየላላ ነው። በሠፈሮቻችን ስንዘዋወር ያየነው ሸምገል ያሉትን ዋንዛዎች ነው፤ በጉልበታችን ቁመት ያለ ወጣት ዋንዛ ያገኘነው በጥቂት ቦታ ብቻ ነው። ከአጨዳ በኋላ በልቅ የሚሰማራው ከብት ቡቃያውን ይግጠዋል። መሬቱ ለልጆች ሲከፋፈል እየጠበበ ስለሄደ ገበሬው ለጥላ የሚሰጠው ስፍራ የለውም። ባሕር ዛፍ በአምስት በስድስት ዓመት አጠና ሆኖ ሲሸጥ፣ ዋንዛ ጣውላ እስኪሆን ብዙ ዐሥር ዓመታት ያስጠብቃል።

ስለ ሕጉም አንድ ቃል እንበል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። ያም አዋጅ በ1999 ዓ.ም.፣ ቀጥሎም በ2010 ዓ.ም. በወጡት ተተክቷል። ነገር ግን የብቸናና የሞጣ ዋንዛ አብዛኛው የቆመው በመንግሥት ደን ሳይሆን በገበሬ ማሳ ነው። አዋጅ መጥረቢያን ሊይዝ ይችላል፤ ማረሻን ግን አያነሣም።

ለመትከል የሚፈልግ ሰው እንዲህ ያድርግ። በበጋ የበሰለውን ፍሬ ይልቀም፤ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ በአሸዋ እያሸ የሚጣበቀውን ሥጋ ያስለቅቅ፤ ዘሩን በጥላ ያድርቅ። በመደብ ዘርቶ ውሃ እያጠጣ ይታገሥ፤ እስኪበቅል ሁለት ወር ያህል ሊቆይ ይችላልና። ችግኙ ሲጠነክር፣ በሐምሌ ዝናሙ ሲደላደል፣ አስቀድሞ በተቆፈረ ጉድጓድ ይትከለው። ከሁሉ በላይ ግን አጥር አይርሳ።

አሁን ምክንያታችንን እንናገር። ከእኛ መካከል ብዙዎቹ የተማሩት በባሕር ዛፍ ገንዘብ ስለሆነ ባሕር ዛፍን ለመርገም አፍ የለንም። አንዱ ጓደኛችን ግን ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ ልብሱና የመሳፈሪያው ገንዘብ የተገኘው አያቱ ማረሻ አንሥተው ያለፉት አንድ ዋንዛ ተሽጦ ነው። በዛፉ ስፍራ ዛሬ ጤፍ እስከ ጉቶው ድረስ ተዘርቷል። አያቱ ለማያውቁት የልጅ ልጅ ተውለት፤ እኛስ ለማን ምን ተውን? የበላነውን የምንመልሰው በንግግር አይደለም። በሚመጣው ዕረፍት ወደየቤታችን ስንገባ እያንዳንዳችን አንድ ወፍ ዘራሽ ዋንዛ ፈልገን እሾህ እንጠርለት፤ የሚያርሰውንም ወንድማችንን «እዚህች ላይ ማረሻህን አንሣልኝ» ብለን እንለምነው።