ግፊትዎን በስንት ሰዓት ለኩት?

ከሐረር የሚደርሱን የደም ግፊት ጥያቄዎች በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ጠያቂው ቁጥር ይዞ ይመጣል። በስንት ሰዓት፣ እንዴት ተቀምጦ፣ ምን ጠጥቶ እንደለካው ግን ብዙ ጊዜ አይነግረንም። የዛሬዎቹ ጥያቄዎች በጁገል ግንብ ምሥራቃዊ በር፣ በኤረር በር አካባቢ ከሚኖሩና ከሚነግዱ ሰዎች የመጡ ናቸው። መልሱን የሰጡት የውስጥ ደዌ ሐኪም ናቸው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ዕድሜዬ 58 ነው። ጤና ጣቢያ ግፊት አለብሽ ተብዬ መድኃኒት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ልጄ ከጅዳ መለኪያ ላከልኝ። ጠዋት 128 በ80 ይለኛል፤ ከሰዓት በኋላ ነደባው ላይ ሆኜ ስለካ 152 በ92 ይላል። ተበላሽቶ ይሆን? የትኛውን ልመን?

መልስ፦ እናቴ፣ መሣሪያው የተበላሸ አይመስለኝም። ግፊት አንድ ቦታ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ነገር አይደለም። ልብ ደም ስትረጭ በደም ቧንቧ ግድግዳ ላይ የሚያርፈው ኃይል የላይኛው ቁጥር ነው፤ በሁለት ምት መካከል ረገብ ስትል የሚቀረው ደግሞ የታችኛው። እንቅልፍ ሲወስደን ሁለቱም ይወርዳሉ፤ ዳገት ስንወጣ፣ ስንናደድ፣ ሽንት ይዘን ስንቆይ ይወጣሉ። ስለዚህ ሁለቱም ቁጥሮችዎ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ።

የነደባው ነገር ግን ያሳስበኛል። ነደባ ለእንግዳና ለጨዋታ የተሠራ መደብ ነው፤ እግር አጥፎ፣ ክንድን ጭን ላይ ጥሎ መቀመጥ ይመቻል። ለልኬት ግን አይሆንም። ክንድ ከልብ ዝቅ ሲል ቁጥሩ ይወጣል። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ክንድን ጭን ላይ ማሳረፍ የላይኛውን ቁጥር በአማካይ 4 ያህል፣ ወደ ታች ማንጠልጠል ደግሞ 6 ተኩል ያህል ከፍ አድርጎ አሳይቷል። ለአንዳንድ ሰው ይህ ልዩነት አንድ ተጨማሪ ክኒን ማለት ነው።

መደገፊያ ያለው ወንበር ካለ እሱ ይሻላል። ከሌለ ነደባው ጠርዝ ላይ ይቀመጡ፤ ከጀርባዎ ትራስ ይደራርቡ፤ ሁለቱም እግሮችዎ መሬት ይርገጡ። ክንድዎን ከጡትዎ ትይዩ በሆነ ጠረጴዛ ወይም ትራስ ላይ ያሳርፉ። የሚጠመጠመው ጨርቅ በልብስ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ላይ፣ ከክርን በሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይሁን። ከመለካትዎ በፊት አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይረፉ፤ ሲለኩም አያውሩ። ሐረር ውስጥ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ጎረቤት ገብቶ ሰላምታ ሳይመልሱ አምስት ደቂቃ መቆየት ቀላል አይደለም። ቡና ከጠጡ ግማሽ ሰዓት ይለፍ።

ጠዋት መድኃኒትዎንም ቁርስዎንም ሳይወስዱ ሁለት ጊዜ፣ ማታም ሁለት ጊዜ ይለኩ፤ በሁለቱ መካከል አንድ ደቂቃ ይቆዩ። ሰባት ቀን እንዲህ አድርገው ሁሉንም ይጻፉ። የከፋውን ብቻ ወይም ደስ ያለዎትን ብቻ መርጠው አይጻፉ። ስናሰላው የመጀመሪያውን ቀን ትተን የቀሩትን አማካይ እንወስዳለን። ጤና ጣቢያ ከፍተኛ የምንለው 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው፤ ቤት ውስጥ ግን ሰው ስለሚረጋጋ መለያው 135 በ85 ነው። ከሁለቱ ቁጥር አንዱ ማለፉ ይበቃል።

(በክንድ ላይ የሚጠመጠመውን መለኪያ በ1896 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ጣሊያናዊው ሐኪም ሪቫ ሮቺ ነው። ጣሊያን ዓድዋ ላይ የተሸነፈችበት ዓመት ነውና የዚያን ጊዜ የአገሩ ሹማምንት ግፊት ቢለካ ስንት ይሆን ነበር እላለሁ።)

ጥያቄ፦ ኤረር በር ነጋዴ ነኝ፤ 44 ዓመቴ ነው። ከሰዓት በኋላ በርጫ አይቀርብኝም። ሐኪሜ ጠዋት ሲለካኝ ደህና ነው ይለኛል። ጫት ግፊት ያመጣል የሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር በሰውነት ላይ የሚሠራው እንደ አምፌታሚን ነው፤ የደም ቧንቧን ያጠብባል፣ የልብ ምትን ያፈጥናል። መቃም ሲጀምሩ ግፊቱም ምቱም መውጣት ይጀምራሉ፤ ገረባውን ከጣሉ በኋላም ወዲያው አይወርዱም። ጠዋት የተለካው ሰውነትዎ ካረፈ በኋላ ነው። ከሰዓት በኋላ የሚሆነውን ሐኪምዎ አላየም።

ጫት ተው ማለት ለሐኪም ቀላል ነው። ሐረር ላይ ግን ገበያውም፣ እንግዳ መቀበሉም፣ ወዳጅነቱም ከእሱ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ለሚተወው ሰው እንደሚከብድ አውቃለሁ። ቢሆንም ግፊት ላለበት ሰው የምመክረው መተውን ነው። ዛሬ ካልቻሉ ቀኑንም መጠኑንም ይቀንሱ፤ ሲጋራውን ግን ከአጠገቡ ያርቁ። አንድ ሁለት ቀን ደግሞ በበርጫ ሰዓት ለክተው «ጫት ላይ» ብለው ለብቻው ይጻፉ፤ ከሳምንቱ አማካይ ጋር አይቀላቅሉት። ለሐኪምዎ ያሳዩት፤ አይቆጣዎትም፤ ቢቆጣም ይወቀው።

ሌላው ጨው ነው። ጨው የተነሰነሰበት ለውዝ፣ በወተትና በጨው የሚፈላው ሆጃ፣ ወጡ፣ ዳቦው ሁሉ ይደመራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው፤ ምግብ ውስጥ ገብቶ የማይታየውም ተቆጥሮ።

ጥያቄ፦ አባቴ መድኃኒቱን የሚወስደው ራሱን ሲያመው ብቻ ነው። «ግፊቴ ሲነሣ አውቀዋለሁ» ይላል።

መልስ፦ አያውቀውም። አብዛኛው ከፍተኛ ግፊት ምንም አይሰማም፤ ራስ ምታት ደግሞ በእንቅልፍ ማጣትም፣ በረሃብም፣ ቡና በመቅረቱም ይመጣል። አምሎዲፒንም ሆነ ኢናላፕሪል በየቀኑ ሲወሰዱ እንጂ እንደ ራስ ምታት ክኒን ሲያም ብቻ ቢዋጡ ቧንቧን አይጠብቁም። ስትሮክ፣ የልብ ድካም፣ የኩላሊት መድከም የሚመጡት አባትዎ ደህና ነኝ በሚሉባቸው ዓመታት ተጠራቅመው ነው። ክርክሩን ይተዉና አብረዋቸው ይለኩ፤ ምንም ሳያማቸው 160 ሲያዩ ከእኔ ይልቅ መለኪያውን ይሰማሉ። ጥቁር አዝሙድና ነጭ ሽንኩርት በምግብ ውስጥ ይጠቀሙ፤ በክኒኑ ቦታ ግን አይተኩ። ለጉልበታቸው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን የሚወስዱ ከሆነም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ሁለቱም ግፊት ከፍ ያደርጋሉ።

ጥያቄ፦ ረመዳን ላይስ?

መልስ፦ ጾሙ ከመግባቱ ጥቂት ሳምንታት ቀድመው ሐኪምዎን ያነጋግሩ። በቀን አንዴ የሚወሰዱ ብዙ መድኃኒቶች ወደ አፍጥር ወይም ወደ ሱሑር ሊዛወሩ ይችላሉ። ውሃ የሚያሸና መድኃኒት ለብቻው ይታያል፤ ሱሑር ላይ ተወስዶ ቀኑን ያለ ውሃ መዋል ያደክማል። በራስዎ ፈቃድ ወሩን ሙሉ ማቋረጥ አይሆንም። ይህ ለፍልሰታና ለሁዳዴ ጿሚዎችም ይሠራል።

ጥያቄ፦ ስንት ሲሆን ነው ወደ ሆስፒታል የምንሮጠው?

መልስ፦ ከቁጥሩ በፊት ሰውየውን ይዩ። የፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን መዛል፣ የንግግር መተሳሰር፣ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ድንገተኛ የዓይን ብዥታ ወይም ግራ መጋባት ካለ ቁጥሩ ምንም ይሁን ጁገልም ይሁን ሕይወት ፋና፣ ወደሚቀርበው ሆስፒታል አሁኑኑ ይውሰዱት። በቤት ያገኙትን ተጨማሪ ክኒን አይስጡት። ከ180 በ120 በላይ ሆኖ ምንም ምልክት ከሌለ፣ አምስት ደቂቃ አርፎ ድጋሚ ይለካ፤ ካልወረደ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ነፍሰ ጡር ግን ሌላ ናት፤ ከአምስተኛው ወር በኋላ 140 በ90 ካየች ሳታድር መታየት አለባት።

ጥያቄ፦ መለኪያ ልገዛ ነው፤ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ይሻላል?

መልስ፦ የክንዱን ይግዙ። የአንጓው በአቀማመጥ በቀላሉ ይሳሳታል። ጨርቁ ለክንድዎ ልክ ይሁን፤ ለወፍራም ክንድ ጠባብ ጨርቅ ግፊትን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ወደ ክትትል ሲሄዱ መሣሪያውን ከነደብተሩ ይያዙ፤ ነርሷ በጤና ጣቢያው ከለካችዎ በኋላ በእርስዎው ደግማ ትለካና ታስተያየዋለች።