በጋዝ ውስጥ ያለፈ ቅንጣት እንዴት ቁጥር ይሆናል?

የትምህርቱ ዓላማ፦ የማይታይ ቅንጣት በመሣሪያ ውስጥ ወደ ቁጥር የሚለወጥበትን መንገድ ማሳየትና ቁጥሩ ከእውነተኛው ምልክት ምን ያህል እንደሚርቅ ማስላት።
የሚያስፈልጉ ነገሮች፦ ባለካሬ የሒሳብ ደብተር፣ እርሳስ፣ ማስመሪያ፣ ሦስት የዕጣ ወረቀቶች።

ከጠፈር የሚመጡ ቅንጣቶች ሌት ተቀን በላያችን ይዘንባሉ። ቪክቶር ሄስ የተባለው ኦስትሪያዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1912 በባሉን ወደ 5,000 ሜትር ያህል ወጥቶ፣ ከፍ ባለ ቁጥር ጨረሩ እንደሚበዛ አረጋገጠ። በባሕር ወለል ላይ በአንድ ሳንቲ ሜትር ካሬ በደቂቃ አንድ ያህል ያልፋል። እኛ የካ ያለነው ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ 3,000 ሜትርን ያልፋል። በላያችን ያለው አየር ሳሳ ስለሚል የእኛ ድርሻ ይበልጣል።

እነዚህን ቅንጣቶች ከሚይዙት መሣሪያዎች አንዱ አርጎንን የመሰለ ጋዝ የተሞላ ዕቃ ነው። በመካከሉ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለው ቀጭን ሽቦ ተዘርግቷል። ቅንጣቱ ሲያልፍ ከጋዙ አተሞች ኤሌክትሮኖችን ይነጥላል፤ በአርጎን ውስጥ በአንድ ሳንቲ ሜትር መንገድ መቶ ያህል። ይህ እጅግ ጥቂት ነው። ታዲያ ኤሌክትሮኖቹ ወደ ሽቦው ሲጠጉ ፍጥነታቸው ይጨምርና ሌሎች አተሞችን እየገጩ፣ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እያሉ በሺህ ይባዛሉ። ከዚያም ፈጥኖ የሚወጣና ቀስ እያለ የሚወርድ የኤሌክትሪክ ምልክት ይገኛል።

ጋይገርና ሙለር እ.ኤ.አ. በ1928 የሠሩት ቆጣሪ «አለ» ወይም «የለም» ብቻ ይላል። የዛሬዎቹ ግን የምልክቱን ቅርጽ ይለካሉ። በጄኔቫ አጠገብ በሰርን የሚገኘው አሊስ የተባለው መሣሪያ 90 ሜትር ኩብ ያህል ጋዝ የያዘ ክፍል አለው፤ ከግማሽ ሚሊዮን በሚበልጡ ነጥቦች ያነባል፤ እያንዳንዱንም ንባብ በ1,024 እርከኖች ይለካል። እኛ ይህንኑ በደብተር አስመስለን እንሥራ።

አሠራር

ሀ/ እውነተኛው ምልክት። አግድም ጊዜን፣ ሽቅብ ቁመትን ውሰዱ። በየካሬው እነዚህን ቁመቶች በሚሊ ሜትር አኑሩና በመስመር አገናኙ፦ 3፣ 14፣ 22፣ 17፣ 11፣ 6፣ 2። ድምሩ 75 ነው። ይህን በሰሌዳው ጥግ ጻፉና ክበቡት።

ለ/ ወደ ቁጥር መለወጥ። አንድ ካሬ 5 ሚሊ ሜትር ነው እንበል፤ እርሱ አንድ እርከን ይሁን። እያንዳንዱን ቁመት ለ5 አካፍሉና ቀሪውን ጣሉ፦ 0፣ 2፣ 4፣ 3፣ 2፣ 1፣ 0። ድምሩ 12፤ በ5 ሲባዛ 60። ከ75 ላይ 15 ጠፋ!

ሐ/ ማጠጋጋት። ቀሪውን ከመጣል ወደ ቅርቡ እርከን አጠጉ፦ 1፣ 3፣ 4፣ 3፣ 2፣ 1፣ 0። ድምሩ 14፤ በ5 ሲባዛ 70። ጉድለቱ ወደ 5 ወረደ።

መ/ ንባብ መቀነስ። ሁለተኛውን፣ አራተኛውንና ስድስተኛውን ብቻ ውሰዱ፦ 3፣ 3፣ 1። 22 የደረሰው ጫፍ እንዳልነበረ ሆነ።

ሠ/ ረብሻ። መሣሪያ ቅንጣት ሳይኖርም ምልክቱ ይንቀጠቀጣል። በዕጣዎቹ ላይ +2፣ 0፣ −2 ጻፉ። ለእያንዳንዱ ቁመት ዕጣ እያወጣችሁና እየመለሳችሁ ደምሩበት፤ ከዚያ አጠጋጉ። የየቡድኑ ድምር ይለያያል፤ ልዩነቱ የመሣሪያውን ርግጠኛነት ያሳያል።

አስመስሎ መሥራት ለምን ይጠቅማል?

በእውነተኛው መሣሪያ 75ን የሚያውቅ የለም፤ የሚደርሰን 60 ወይም 70 ብቻ ነው። አስመስለን ስንሠራ ግን እውነቱን ያስቀመጥነው እኛው ስለሆንን ስሕተቱን መለካት እንችላለን። ሳይንቲስቶችም መሣሪያውን ሳይሠሩ በፊት፣ እርከኑ ስንት፣ ንባቡ በየስንት ጊዜ ይሁን የሚለውን በኮምፒውተር እያስመሰሉ ይወስናሉ። በእንጦጦ ባሉት ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች የሚነሣው የኮከብ ብርሃን እንኳ፣ ጋዝ ባይኖርበትም፣ መጨረሻው ቁጥር ነው።

ይህ ለእኛ ለእጩ መምህራን ሁለት ነገር ያስተምረናል። አንደኛ፣ በምንመደብበት ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የለም ብለን ምዕራፉን ብንዘለው የሚጎዳው ተማሪው ነው፤ ደብተርና እርሳስ ግን የትም አለ። ሁለተኛ፣ ቁጥር ሁሉ ከኋላው የተጣለ ቀሪ አለው። 80 እና 89 ያመጡ ሁለት ተማሪዎች አንድ ፊደል ከተሰጣቸው ዘጠኙ ነጥብ የት ገባ?

መልመጃ
1. እርከኑን ግማሽ ካሬ አድርጋችሁ ሐ/ን እንደገና ሥሩ። ድምሩ ወደ 75 ምን ያህል ተጠጋ?
2. ቁመቶቹን ሁሉ በእጥፍ አሳድጉ፤ መሣሪያው ግን ከ7 እርከን በላይ መጻፍ አይችልም እንበል። የምልክቱ ጫፍ ምን ይሆናል?