ባልና ሚስት በአንድ ብስክሌት ወደ ጣና

ሀገራችን ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የላትም። የጎንደር ሰው ግን «ባሕር» ሲል ሩቅ አይሄድም፤ ጣናን ማለቱ ነው። በሐይቁ ደቡብ ዳር ያለችው ከተማም ባሕር ዳር ትባላለች። ጣና በሀገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ስፋቱ ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጥልቀቱ ግን ብዙ አይደለም፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ያህል ነው። ታላቁ ወንዛችን ዓባይ የሚወጣው ከዚሁ ሐይቅ ነው።

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ ወደ ሐይቁ የሚወርድ ሰው ጎርጎራ ይደርሳል። መንገዱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለትምህርቱ እንዲመቸን አንድ ባልና ሚስት እናስብ። በአንድ ብስክሌት ወደ ጎርጎራ ወርደው፣ አንድ ሌሊት አድረው ሊመለሱ ተነሥተዋል። ምን ማወቅ ያስፈልጋቸዋል?

1. ጥንድ ብስክሌት

ብስክሌት በሀገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትካፈል፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌት ጋላቢዎችም ወደ ሜልቦርን ሄደው ነበር። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ በሚባለው ትልቅ ውድድር የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

የእኛ ባልና ሚስት ብስክሌት ግን ለየት ያለ ነው። ሁለት መቀመጫ፣ ሁለት ጥንድ ፔዳል አለው። ጎማው ግን ያው ሁለት ነው። በውጭ አገር ታንደም ይሉታል፤ እኛ ጥንድ ብስክሌት እንበለው። በሬዎች ሲጠመዱ ጎን ለጎን ይቆማሉ። በዚህ ብስክሌት ላይ ግን አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ይቀመጣል። የሁለቱን ፔዳል አንድ ካቴና ስላያያዘው አንዱ ሲረግጥ የሌላውም እግር ይዞራል። አንዱ በድንገት ቢያቆም ሌላው ይደናቀፋል።

መሪውን የሚይዘው የፊተኛው ነው። የኋለኛው መንገዱን አያይም፤ ጉልበቱን ይሰጣል፣ የፊተኛውንም ያምናል። ስለዚህ የፊተኛው ዝም ማለት የለበትም። «ጉድጓድ አለ፣ ልንቆም ነው፣ ልንታጠፍ ነው» እያለ መናገር ግዴታው ነው። በዚህ ብስክሌት ዓይነ ስውራንም ይወዳደራሉ። ዓይነ ስውሩ ከኋላ፣ የሚያየው ከፊት ሆነው አብረው ይጋልባሉ።

ገና ሲነሡ ሚስቲቱ እንዲህ አለች፦

«ከኋላ ሆኜ ምን አያለሁ?»

«እኔ እነግርሻለሁ» አለ ባልየው።

ግማሽ ሰዓት ሳይሄዱ ጎማው ጉድጓድ ገባ። እሷ ከመቀመጫዋ ነጥራ ለጥቂት ሳትወድቅ ቀረች።

«ምነው፣ አፍህን ምን ያዘው?»

«ሁለተኛ አይለምደኝም» አላት። ከዚያ በኋላ ድንጋዩንም ላሙንም እየጠራ ሄደ።

2. መንገዱና ስሌቱ

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 100 ሜትር የበለጠ ከፍታ አላት። ጣና 1 ሺህ 800 ሜትር ያህል ላይ ነው። እንግዲህ መሄዱ ቁልቁለት፣ መመለሱ አቀበት ነው ማለት ነው። ከጎንደር እስከ አዘዞ ያለው ቁልቁለት ያስቸኩላል። የሁለት ሰው ክብደት ብስክሌቱን ይገፋዋል። ባልየው 60 ኪሎ፣ ሚስቲቱ 50፣ ብስክሌቱ 20 ቢመዝን ጠቅላላው 130 ኪሎ ይሆናል። ይህን የሚያቆመው ፍሬን ብቻ ነው። ስለዚህ ሳይነሡ ፍሬኑን፣ ጎማውንና ካቴናውን መመርመር ያስፈልጋል። ፖምፓ፣ ማስቲሽና ቁራጭ ጎማም መያዝ አይረሳ። የመንገዱንም ሰላም አስቀድሞ አገሬውን መጠየቅ ደግ ነው።

አዘዞ ላይ የባሕር ዳሩን አውራ ጎዳና ትተው ወደ ደምቢያ ይታጠፋሉ። ከዚያ ቆላ ድባንና ጯሂትን አልፈው ጎርጎራ ይገባሉ። የደምቢያ ሜዳ ሰፊ ነው፤ አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው። በክረምት ዋልካው ጎማ ይዞ አይለቅም። የእኛ ባልና ሚስት ክረምቱ አልፎ መሬቱ ሲጠና፣ በኅዳር መጀመሪያ ተነሡ።

አሁን እናስላ። በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ 60 ኪሎ ሜትሩን በ5 ሰዓት ይጨርሳሉ። ለዕረፍትና ለምሳ 2 ሰዓት ቢጨመር 7 ሰዓት ይሆናል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ከተነሡ ከቀኑ 7 ሰዓት ይደርሳሉ። ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ብስክሌቱ 4 ሜትር ቢሄድ፣ እስከ ጎርጎራ 15 ሺህ ጊዜ መዞር አለበት። ሁለቱ ተባብረው ካልረገጡ ይህ ሁሉ ዙር በአንድ ሰው ጉልበት ላይ ይወድቃል።

3. ሌሊቱ

ሊነሡ ሲሉ አንዲት አሮጊት ጎረቤት «ኧረ ልጆቼ፣ ቆላ ወርዳችሁ ልታድሩ? ንዳድ አለ እኮ!» ብለዋቸው ነበር። የእማማ ፍርሃት ከንቱ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 በደምቢያ በተነሣው የወባ ወረርሽኝ ወደ 7 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንዳለቀ ተጽፏል። በዓመቱ በ1954 በጎንደር የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅ ተከፈተ፤ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተነሣው ከዚያ ነው። በ1958 ደግሞ ወባ በብዙ የሀገራችን ክፍል ተዛምቶ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደ ሞተ ይገመታል።

ድሮ ሰዎች ንዳድ ከቆላ አየር ወይም ከረግረጉ ሽታ የሚመጣ ይመስላቸው ነበር። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ወባን ከሰው ወደ ሰው የምታስተላልፈው አኖፌሊስ የምትባል ሴት ትንኝ ናት። የምትናከሰውም ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ክረምቱ ሲወጣ ውሃ ያቆረባቸው ቦታዎች ስለሚበዙ ትንኟ ትራባለች። ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ የሚያሰጋውም ስለዚህ ነው። መንገዱ ለብስክሌት በሚመችበት ወራት ወባውም አለ። የደጋ ሰው በሽታውን ስላልለመደው ይበልጥ ይጎዳዋል። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ደግሞ ከሁሉ የባሰ አደጋ አለባቸው። መከላከያው አጎበር ነው።

ሐይቁ ሌላም ነገር አለበት። በዳርቻው ባለ ቀንድ አውጣ የሚራባ ቢልሃርዚያ የሚባል በሽታ አለ። የበሽታው ትል በዓይን አይታይም፤ ውሃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ዳር ላይ መታጠብና መዋኘት አይገባም። የሚጠጣውንም ውሃ አፍልቶ ማቀዝቀዝ ነው።

ባልና ሚስቱ ጎርጎራ ደርሰው ውሃውን ከዳር ሆነው አዩ። ሚስቲቱ ባሕር የሚያህል ውሃ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ወዲያ ማዶውን ብትፈልግ አጣችው። ጥንታዊቱን የደብረ ሲና ማርያምን ቤተ ክርስቲያንና በግድግዳዋ ላይ ያሉትን ሥዕሎችም ተሳለሙ። የፋሲል አባት ዐፄ ሱስንዮስ በጎርጎራ ተቀምጠው ነበር። ጎንደርን ዋና ከተማ ያደረጓት ልጃቸው ናቸው።

ማታ ዘመድ ቤት አደሩ። አጎበር ይዘው ስለ ነበር ሚስቲቱ ዘረጋችው። ባልየው ግን ሙቀቱ ሲበዛበት «አፈነኝ» ብሎ ወጥቶ ደጅ መደብ ላይ ተኛ። ብትለምነውም አልሰማት።

4. ከመመለስ በኋላ

በማግሥቱ አቀበቱን ቀስ ብለው ወጡ፤ በጸናውም ላይ ወርደው ገፉ። ቤታቸው ሲገቡ ሚስቲቱ ደብተሯን አውጥታ «ኅዳር 4 ቀን ጎርጎራ አደርን» ብላ ጻፈች። መጻፍ ከተማረች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው።

በ12ኛው ቀን ባልየው ብርድ ብርድ አለው። ራሱን አመመው፣ ትኩሳትና ላብ ተፈራረቁበት።

«ድካም ነው፣ ተኝቼ ይለቀኛል» አለ።

ሚስቲቱ ደብተሯን ገለጠችና ቀኑን ቆጠረች። ወባ በነከሰች ማግሥት አይጀምርም። ብዙውን ጊዜ ከ7 ቀን እስከ 2 ሳምንት ይቆያል፤ ከዚያም በላይ ሊዘገይ ይችላል። ይህን በንባብ ታውቀው ነበር።

«ተነሥ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ» አለችው። «ከፊት ሆነህ ስትመራ አምኜሃለሁ። ዛሬ ደግሞ ከፊት ያለሁት እኔ ነኝ።»

ጤና ጣቢያ ሲደርሱ «ኅዳር 4 ቀን ጣና ዳር ያለ አጎበር አድሯል» ብላ ለሐኪሙ ተናገረች። ከጣቱ ደም ወስደው ሲመረምሩ ወባ ተገኘ። ባልየው የታዘዘለትን መድኃኒት ተሻለኝ ብሎ ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው ወሰደና ዳነ።

አንባቢ ሆይ፣ ቆላ ወርደህ ወይም ወርደሽ ካደራችሁ ያደራችሁበትን ቀን ጻፉ። ትኩሳት ከመጣም ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የት እንዳደራችሁም ለሐኪሙ ንገሩ።

ጥያቄዎች

1. በጥንድ ብስክሌት ላይ የፊተኛው ሰው መናገር ያለበት ለምንድን ነው?
2. ባልና ሚስቱ ሲመለሱ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ሄዱ እንበል። 60 ኪሎ ሜትሩ ስንት ሰዓት ይፈጃል?
3. ወባ ከምን ይመጣል? ትንኟ የምትናከሰው መቼ ነው?
4. ሚስቲቱ ቀኑን መጻፏ ምን ጠቀመ?
5. እናንተ ቆላ ወርዳችሁ ብታድሩ ምን ምን ትይዛላችሁ? በደብተራችሁ ጻፉ።