ክንድ የሚናገረው

ዛሬ የምንማማረው ስለ ጡንቻ ብርታት ነው። ጉዳዩ የስፖርተኛ ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር ወደ አርቦሬ አብሮን ይውረድ።

አርቦሬዎች በደቡብ ኦሞ፣ በወይጦ ወንዝ ታችኛው ክፍል፣ ለጨው ባሕር ቅርብ በሆነው ሞቃት ሜዳ ይኖራሉ። ከብት ያረባሉ፤ ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ በረጠበው መሬት ማሽላ ይዘራሉ። ውሃ መሸከሙ፣ ማሽላውን በድንጋይ መፍጨቱ፣ ከብት ተከትሎ መዋሉ ሁሉ የጡንቻ ሥራ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ቆላ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲጓደሉ ብዙ ከብት አለቀ፤ የልጆች ወተትም አብሮ ቀረ።

ጡንቻ ከአዋቂ ሰው ክብደት ሲሶ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ይይዛል። ማንሣትና መራመድ ብቻ አይደለም ሥራው፤ ጎተራም ነው። ሰው ምግብ ሲያጣ በጉበቱ ያለው የስኳር ስንቅ በአንድ ቀን ገደማ ያልቃል። ከዚያ ስቡ ይነድዳል። አንጎል ግን ስኳር ይፈልጋል፣ ስብም በቂውን አይሰጥም፤ ስለዚህ ሰውነት የገዛ ጡንቻውን እየናደ ስኳር ይሠራበታል። ልብም ጡንቻ ነው። የምንተነፍሰውም በጡንቻ ነው። እነርሱም አብረው ይመነምናሉ፤ ክፉኛ የተራበ ሕፃን አክታውን በሳል ለማውጣት እንኳ አቅም ያጣል።

አካፋውን ተደግፎ የቆመውን የቀን ሠራተኛ «ሰነፍ» ማለት ለእኛ ለፕሮጀክት ሰዎች ቀላል ነው። ብለነዋልም፤ አፍረንበታል። ሰውዬው ጉልበቱን ከክንዱ ቆርሶ ሲበላ ከርሟል።

ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ሕፃን፣ ባለሙያዎች ሙዋክ የሚሉት የክንድ መለኪያ ጥብጣብ ይበቃል። የግራ ክንዱን ዘና አድርጎ ያንጠልጥል፤ በትከሻውና በክርኑ መካከል እኩሌታውን ፈልጉ፤ ጥብጣቡን ሳታጠብቁ ሳታላሉ አዙሩ። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው፤ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይድረስ። ከዚያ እስከ 12.5 ያልደረሰው ቢጫ ነው፤ እርሱም ክትትል ያሻዋል። ሁለቱንም እግሮች በአውራ ጣት ለ3 ሴኮንድ ጫን በሉ። ጉድጓድ ከቀረ እብጠት ነውና ክንዱ ወፍራም ቢመስልም አትታለሉ።

እናት ርኅራኄዋ በዝቶ የተጎዳውን ልጅ ባንድ ጊዜ ልታጠግበው ትሻለች። ይህ ሊገድል ይችላል፤ በደም ውስጥ ያሉት ማዕድናት በድንገት ወደ ሰውነት ሕዋሳት ይገቡና የደከመው ልብ ይከዳል። ስለዚህ ሆስፒታል የተኛው ሕፃን ኤፍ 75 በተባለው ወተት በጥቂት በጥቂቱ፣ ሌሊትም ጭምር እየተመገበ ይጀምራል። የምግብ ፍላጎት ያለውና ሌላ ሕመም ያልያዘው ግን እቤቱ ሆኖ ፕላምፒ ነት ይበላል፤ አንዷ 92 ግራም እሽግ 500 ካሎሪ አላት። እሽጉ የልጁ መድኃኒት ነውና ለወንድሞቹ እንዳይከፋፈል በትሕትና አስረዱ፤ ቤቱ ሁሉ ከተራበ ግን ለሌሎቹም እህል ሳይዙ ይህን መምከር ከንቱ ነው።

ጡንቻ በምግብ ብቻ አይመለስም፤ መንቀሳቀስም ይፈልጋል። ልጁ ሲሻለው ከእናቱ ጀርባ ወርዶ ይጫወት። በአርቦሬ ለዚህ አሰልጣኝ አያሻም፤ ጥጃ ያየ ልጅ ራሱ ይነሣል።